ጠባቂው ከማማው ሲወርድ፦ የትምህርት ቤቶችን የዘር መለያየት ለማስቀረት የቆመ የፍርድ ቤት ቁጥጥር አነሣሥ ሲመረመር

መግቢያ

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጨረሻ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከተማይቱ ከፋሺስት ጦር እጅ የወጣችው ከጥቂት ቀናት በፊት ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በደጋውና በቆላው ሲዋጋ የኖረው የጎጃም አርበኛ ያየው የወራሪውን ሰንደቅ ዓላማ መውረድ ብቻ አልነበረም፤ ከሰንደቅ ዓላማው ጋር አያሌ ሕጎችም አብረው ወድቀዋል። ከእነዚህ አንዱ በትምህርት ላይ የተጣለው የዘር አጥር ነው።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ ሐምሌ 17 ቀን 1928 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ ትምህርት ቤቶችን በሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ክፍል ለጣሊያን ልጆች፣ ሁለተኛው «ለቅኝ ተገዦች» የተመደበ ነው። በአዲስ አበባ ኢትዮጵያውያን ይማሩበት የነበረው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለአውሮፓውያን ልጆች ተሰጠ። ቀደም ብሎ በቅኝ ግዛትነት በተያዘችው በኤርትራም የአገሩ ተወላጅ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ የሚዘልቅበት መንገድ ተዘግቶበት ነበር። ስለሆነም ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ለኢትዮጵያ መምህራን ከሩቅ አገር የሚሰማ ወሬ ብቻ አይደለም፤ በገዛ አገራቸው የደረሰ ታሪክ ነው።

ያ ሕግ በኢትዮጵያ የተሻረው በጦር ሜዳ ነው። ሕጉን ያወጡትና የሚያስፈጽሙት ተጠራርገው ስለ ወጡ፣ ከሕጉ መሻር በኋላ ምን ርዝራዥ እንደ ቀረ የሚቆጣጠር ዳኛ ወይም ሹም ማቆም አላስፈለገም። በአሜሪካ ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ አገር የመለያየትን ሕግ ያወጡትና ሕጉ ከተሻረ በኋላ ትምህርት ቤቶቹን ያስተዳደሩት በአብዛኛው እነዚያው የአካባቢ ሹማምንት ናቸው። በመሆኑም ፍርድ ቤቶች መለያየቱን ከሻሩ በኋላ፣ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ለብዙ ዓሠርት ዓመታት ትምህርት ቤቶችን በቁጥጥራቸው ሥር አድርገው ቆይተዋል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ይህን ቁጥጥር ወረዳ በወረዳ ሲያነሡ ኖረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቁጥጥሩ አነሣሥ የተመሠረተበትን መለኪያ መመርመርና ጠንካራውን ጎን ከደካማው መለየት ነው። በመጨረሻም በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ላሉ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሆነውን ትምህርት ያመለክታል። የአሜሪካ ጉዳዮች በሚጠቀሱበት ሁሉ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቁጥጥሩ እንዴት ተጀመረ?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት ወር 1954 በሰጠው ውሳኔ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁሮችንና ነጮችን ለይቶ ማስተማር የአገሪቱን ሕገ መንግሥት የሚቃረን መሆኑን ያለ አንድ ተቃዋሚ ድምፅ ወሰነ። ለጥቁር ወላጆች ከተከራከሩት ጠበቆች ዋነኛው ቱርጉድ ማርሻል ነበሩ። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ በማግሥቱ ዓመት የአፈጻጸሙን ሁኔታ ሲወስን የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም፤ ሥራው በጥንቃቄም በፍጥነትም ይከናወን ብሎ ተቆጣጣሪነቱን ለየአካባቢው የፌዴራል ዳኞች ሰጠ። ገደብ የሌለው ትእዛዝ ደግሞ መፈጸም ለማይፈልግ ሹም ምቹ ነው። በ1957 በአርካንሶ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ለማድረግ የፌዴራል ጦር መላክ አስፈልጓል። ከውሳኔው 10 ዓመት በኋላም በደቡብ ግዛቶች ከነጮች ጋር የሚማሩት ጥቁር ልጆች ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጉዳቱ በተማሪዎች ላይ ብቻ አልቀረም። ሁለቱ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ በብዙ ቦታ የተዘጋው የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ስለ ነበር፣ በዐሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርእሳነ መምህራን ሥራቸውን አጥተዋል። የትምህርት ተሐድሶ በሚታቀድበት ጊዜ የመምህሩ ዕጣ ወደ ጎን ከተተወ፣ በአንድ በኩል የተተከለው በሌላ በኩል እንደሚነቀል ይህ ምስክር ነው።

የቁጥጥሩን ይዘት በግልጽ ያሳየው በ1968 የተወሰነው የኒው ኬንት ጉዳይ ነው። ኒው ኬንት በቨርጂኒያ ግዛት የምትገኝ የገጠር ወረዳ ስትሆን የነበሯት ሁለት ትምህርት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የነጮች፣ ሌላው የጥቁሮች። ነዋሪዎቹ በመንደር የተለያዩ ስላልነበሩ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች አውቶቡሶች በአንድ መንገድ ላይ ይመላለሱ ነበር። ወረዳው የዘር ሕጉን ከሻረ በኋላ እያንዳንዱ ወላጅ የፈለገውን ትምህርት ቤት ይምረጥ አለ። ሦስት ዓመት ሲሞላ ወደ ጥቁሮቹ ትምህርት ቤት የሄደ አንድም ነጭ ልጅ አልተገኘም፤ ከጥቁሮቹም ልጆች ከመቶ 85ቱ በዚያው በቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ቀሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አይቶ፣ ምርጫ መስጠት ብቻውን በቂ አይደለም፣ ወረዳው መለያየቱን ከሥሩ የማጥፋት ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። የሚመረመሩትንም ስድስት ነገሮች አመለከተ፤ እነርሱም የተማሪዎች ምደባ፣ መምህራን፣ ሌሎች ሠራተኞች፣ የተማሪዎች መጓጓዣ፣ ከክፍል ውጭ የሚደረጉ እንቅስቃሴዎችና ሕንፃና ቁሳቁስ ናቸው።

ከዚህ ውሳኔ በኋላ ቁጥጥሩ ጥርስ አወጣ። በ1971 በሰሜን ካሮላይና በሻርሎት ከተማ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ልጆችን ከመንደራቸው ውጭ በአውቶቡስ ወስዶ ማቀላቀል የሚፈቀድ መሆኑን አጸደቀ። ውጤቱም በቁጥር ታየ፤ በ1988 በደቡብ ግዛቶች ካሉ ጥቁር ተማሪዎች ከመቶ 43 ያህሉ ነጮች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር። ከ30 ዓመት በፊት ይህ ቁጥር ከባዶ ብዙም አይርቅም ነበር። ስለዚህ ቁጥጥሩ ከንቱ ነበር የሚለው አነጋገር በማስረጃ አይደገፍም።

2. የማንሣት መለኪያው

ቁጥጥር ዘላለማዊ ሊሆን አይችልም። ጥያቄው በምን መለኪያ ይነሣ የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሰጠው ዋነኛው ውሳኔ በጥር ወር 1991 በኦክላሆማ ሲቲ ጉዳይ የተሰጠው ነው።

በዚያች ከተማ ክሱ የቀረበው በ1961 ነበር። በ1972 ፍርድ ቤቱ ልጆችን በአውቶቡስ የማቀላቀል ዕቅድ አስፈጸመ። በ1977 ዕቅዱ ሠርቷል፣ ወረዳው «አንድ ወጥ» ሆኗል ብሎ በየጊዜው ከሚያደርገው ክትትል ተገታ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከተማው የትምህርት ቦርድ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በየሰፈራቸው እንዲማሩ ወሰነ። የዚህም ውጤት ከ64ቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 11ዱ ከመቶ ከ90 በላይ ጥቁሮች የሚማሩባቸው ሲሆኑ፣ 22ቱ ደግሞ ከመቶ ከ90 በላይ ነጮችና ሌሎች ወገኖች የሚማሩባቸው ሆኑ፤ ተቀላቅለው የቀሩት 31 ብቻ ነበሩ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ድምፅ በ3 ላይ፣ ወረዳው ትእዛዙን በቅን ልቦና ከፈጸመና የመለያየቱ ርዝራዥ በተቻለ መጠን ከጠፋ ቁጥጥሩ ሊነሣ ይገባል ሲል ወሰነ። ከሦስቱ ተቃዋሚዎች ሐሳባቸውን የጻፉት ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ናቸው፤ በ1954 በጠበቃነት የተከራከሩት እኚሁ ሰው ጡረታ በሚወጡበት ዓመት በዳኛ ወንበር ላይ ሆነው ያንኑ ጉዳይ ተቃዋሚ ሆነው ተሰናበቱት። የክርክራቸውም ፍሬ ነገር፣ ሕጉ የፈጠረው የመናቅ ጉዳት ሊመለስ የሚችልበት ሁኔታ እስካለና ይህንንም ለማስቀረት የሚቻልበት መንገድ እስከተገኘ ድረስ ቁጥጥሩ አይነሣ የሚል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1992፣ በጆርጂያ ግዛት የዲካልብ ወረዳ ጉዳይ ቀረበ። በዚህ ወረዳ በ1969 ከተማሪዎቹ ጥቁሮቹ ከመቶ 5.6 ብቻ የነበሩ ሲሆን በ1986 ከመቶ 47 ደረሱ። ግማሾቹ ጥቁር ተማሪዎች ከመቶ ከ90 በላይ ጥቁሮች በሚገኙባቸው ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ የመጣው በሕዝብ ፍልሰት እንጂ በወረዳው ጥፋት አይደለም አለ። ከስድስቱ ነገሮች ወረዳው በአሟላቸው ላይ ቁጥጥሩ ተከፋፍሎ ሊነሣ እንደሚችልም ወሰነ። በ1995 ደግሞ በካንሳስ ሲቲ ጉዳይ፣ የተማሪዎች የፈተና ውጤት እስኪሻሻል ድረስ ቁጥጥሩ ይቆይ የሚለው አስተሳሰብ ከፍርድ ቤት ሥልጣን ያለፈ ነው ተባለ።

3. የመለኪያው ጉድለት

እነዚህ ውሳኔዎች በአንድ ዓይን ብቻ መታየት የለባቸውም። በሚዛን ላይ ሲቀመጡ የሚደገፍም የሚነቀፍም አላቸው።

በመጀመሪያ የሚደገፈውን ማየት ፍትሐዊ ነው። ትምህርት ቤት በቅርብ ሊጠበቅ የሚገባው በወላጆቹና በመምህራኑ ነው። ዳኛ የመማሪያ ክፍል ሊመድብ፣ የመምህር ደመወዝ ሊቆርጥ፣ የአውቶቡስ መሥመር ሊያሰምር ለዘመናት ቢቀመጥ፣ የአካባቢው ሰው ትምህርት ቤቱን የራሱ አድርጎ ማየት ይተዋል። የካንሳስ ሲቲ ታሪክም ይህን ያጠናክራል። በዚያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠሩ፣ ደመወዝ ተጨመረ፤ ሆኖም የተማሪዎቹ ውጤት በታሰበው መጠን አላደገም። ስለዚህ ቁጥጥር በራሱ ትምህርት አይደለም። ገንዘብና ትእዛዝ የመምህሩን ሥራ አይተኩም።

የሚነቀፈው ግን ሦስት ነው።

አንደኛው ጉድለት መለኪያው የሹሙን ጥረት እንጂ የልጁን ሁኔታ አለመለካቱ ነው። «በቅን ልቦና ፈጽሟል» የሚለው ቃል ስለ ትምህርት ቦርዱ ይናገራል። በዘጠና ከመቶው ትምህርት ቤት ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ግን የቦርዱ ልቦና አይታያትም፤ የሚታያት የክፍሏ ሁኔታ ነው። አንድ መምህር ዓመቱን ሙሉ በትጋት አስተምሯል ተብሎ ተማሪዎቹ ሁሉ ማንበብ ችለዋል እንደማይባል ሁሉ፣ ወረዳው ደክሟል ተብሎ መለያየቱ ጠፍቷል ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው ጉድለት የመኖሪያ ሰፈርን አቀማመጥ እንደ ተፈጥሮ ነገር መቁጠሩ ነው። ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር በአንድ ቀን አልተፈጠረም። ለብዙ ዓመታት ቤት የመግዛት መብት፣ የባንክ ብድርና የትምህርት ቤት ቦታ በዘር ሲከፋፈሉ ኖረዋል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ በሕግ የተተከለው መለያየት ሕጉ ሲነሣ ከሰፈሩ ጋር አብሮ አይነሣም። በ1974 በዲትሮይት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የከተማዋን ጥቁር ልጆች ከዙሪያዋ የነጮች ወረዳዎች ጋር ማቀላቀል አይቻልም ብሎ ከወሰነ በኋላ ደግሞ የወረዳ ወሰን ራሱ እንደ አጥር ሆነ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት ቁጥጥሩ ከተነሣ በኋላ የሚቆጥር አለመተካቱ ነው። በፍርድ ቤቱ አስተሳሰብ «አንድ ወጥ» የተባለ ወረዳ ከዚያ በኋላ እንደማናቸውም ወረዳ ነው። ውጤቱን የሚያጠና ካለ በራሱ ፈቃድ የተነሣ ተመራማሪ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ያገኙትም የሚያጽናና አይደለም። በ2012 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ1991 እስከ 2009 ከ200 በላይ መካከለኛና ትላልቅ የትምህርት ወረዳዎች ከፍርድ ቤት ቁጥጥር መውጣታቸውን ካሳየ በኋላ፣ በእነዚህ ወረዳዎች የዘር መለያየቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ መሄዱን አመልክቷል። መለያየቱ በአንድ ጊዜ አልተመለሰም፤ ዓመት በዓመት ጥቂት በጥቂት ስለ ጨመረ ማንም አልደነገጠም።

ለአውቶቡሱ ዕቅድ ስሟ የተጠራው ሻርሎትም ከ2002 ጀምሮ ልጆችን በየሰፈራቸው መመደብ ጀመረች። የዚህን ለውጥ ውጤት ያጠኑ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ወገኖች ወደሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የተመደቡ ተማሪዎች፣ ነጭም ሆኑ ጥቁር፣ በሁለተኛ ደረጃ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ማግኘታቸውን አሳይተዋል። ከድኻ ቤተሰብ በሆኑ አናሳ ወገን ወንዶች ልጆች ላይ ደግሞ ወደ ወንጀል ማዘንበል ጨምሯል።

የመዝገብ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳየው በሉዊዚያና ግዛት የሚገኘው የፕላክማን ወረዳ ነው። ክሱ በ1966 ተመሠረተ። በ1975 ወረዳው መለያየቱን እንዳስቀረ ታምኖበት ለአንድ ዓመት ብቻ ክትትል እንዲደረግበት ተወሰነ። ዳኛው በዚያው ዓመት ስለ ሞቱና የፍርድ ቤቱም መዝገብ ስለ ጠፋ ጉዳዩ ሳይዘጋ ቀረ። የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴርና የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ተስማምተው ያስዘጉት በሚያዝያ ወር 2025 ነው። ይህን ጉዳይ አንዳንዶች ቁጥጥሩ ያለ አንዳች ምክንያት 50 ዓመት እንደ ተጓተተ ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱታል። ነገር ግን ጉዳዩ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት በስም የኖረው ቁጥጥር በተግባር የሚመለከተውና የሚቆጥረው አልነበረውም። እንዲህ ያለው ቁጥጥር ቢኖርም ባይኖርም ለልጁ አንድ ነው።

ከእነዚህ ሦስት ነጥቦች የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው፦ ስሕተቱ ቁጥጥሩ መነሣቱ አይደለም፤ ቁጥጥሩ ሲነሣ ቆጠራውም አብሮ መነሣቱ ነው። የጎጃም ገበሬ አዝመራው ሲያሽት ወፍና ዝንጀሮ የሚከላከል ጠባቂ በማማ ላይ ያወጣል። ጠባቂው ከማማው የሚወርደው ሰብሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነው። ብዙ ቀን ስለ ቆየ ወይም በትጋት ስለ ጮኸ ብቻ አይወርድም። ወርዶም ቢሆን ገበሬው ጎተራውን መመልከቱን አይተውም፤ ነቀዝ የሚገባው ከአዝመራ በኋላ ነውና።

4. ለጎጃም ትምህርት ቤቶች ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ አንድን ትምህርት ቤት ለዓመታት በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ የሚያስተዳድር የፍርድ ቤት ልማድ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 90ም ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይገልጻል። የዚህን አፈጻጸም የሚከታተለው ግን የአስተዳደሩ አካል ራሱ ነው፤ ይኸውም የትምህርት ቢሮው፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅ መምህር ኅብረቱ ነው። ስለዚህ አሜሪካውያን ለዳኛ የሚያቀርቡት ጥያቄ በጎጃም የሚቀርበው ለዕቅድ አውጪውና ለርእሰ መምህሩ ነው።

መለያየትን የሚፈጥረው ሕግ ብቻ አለመሆኑን የጎጃም አንባቢ አሳምሮ ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተሰኘው ልብ ወለዳቸው የሣሉት የዘር ሐረግ ቆጠራ ሕግ ሳያስፈልገው ሰውን ከሰው የሚለይ አጥር ነበር። በደጋው ጎጃም ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩት በማንኛውም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በወጣ አዋጅ አይደለም። የእነዚህ ባለሙያዎች ልጆች ወደ ትምህርት ቤት መምጣት የሚከለክላቸው ደንብ የለም። ነገር ግን ከእነርሱ አጠገብ የሚቀመጥ ልጅ ሲታጣ፣ በዕረፍት ሰዓት ብቻቸውን ሲቆሙ የተመለከተ መምህር በአንድ ጣራ ሥር መሆን ብቻውን አንድነት እንዳልሆነ ይረዳል። ከክፍል ውጭ የሚደረጉ እንቅስቃሴዎች በኒው ኬንት ውሳኔ ከስድስቱ መመርመሪያዎች አንዱ ሆነው የተቆጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዕቅድ ስም የሚመጣ መለያየትም በኢትዮጵያ ታይቷል። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የግምገማው ሐሳብ ትምህርትን ለብዙኃኑ ማዳረስ መሆኑ አይካድም። ይሁንና መምህራንና ወላጆች ውጥኑን የተረዱት የድኻው ልጅ በአራተኛ ክፍል ቀርቶ የባለጸጋው ልጅ ወደ ላይ የሚያልፍበት መንገድ አድርገው ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካነሡአቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። የዚያ ክርክር ቁም ነገር ዛሬም አልደበዘዘም፤ አንድ ዕቅድ የሚመዘነው በጠቅላላ ስንት ልጅ አስገባ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛውን ልጅ የት ላይ አቆመ ተብሎም ነው።

በዚህ ረገድ ልዩነትን ከመለያየት መለየት ያስፈልጋል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በአዊ ብሔረሰብ ዞን ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዊኛ መማራቸው መለያየት አይደለም፤ ልጁ በሚገባው ቋንቋ ዕውቀት እንዲቀስም የሚያስችለው መብቱ ነው። መለያየት የሚሆነው የአዊኛው ትምህርት ቤት መጽሐፍና የሠለጠነ መምህር ሲያንሰው፣ ወይም ልጁ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሸጋገር ከሌሎቹ ወደ ኋላ የሚቀር ሲሆን ነው። የመለኪያው ጥያቄ እንግዲህ «አብረው ተቀምጠዋልን?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «እኩል ይደርሳሉን?» የሚለውም ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ ራሱ አጥር የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ወንዞች የምሥራቅ ጎጃምን ደጋ በሸለቆ እየቆራረጡ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ክረምት ሲገባ ወንዝ ማዶ ያለችው ልጅ ከትምህርት ቤቷ ትቋረጣለች። የመጀመሪያ ደረጃውን በቅርብ ጨርሳ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለመቀጠል ወደ ከተማ ወርዳ ቤት መከራየትና ስንቅ ከገጠር ማመላለስ ግድ ይሆንባታል። ይህን ሁሉ ማንም አልደነገገውም። ነገር ግን የደብረ ማርቆስ ከተማ ልጅና የገጠር ልጅ በአንድ የትምህርት ዞን ውስጥ ሆነው ሁለት ዓይነት ዕድል እንዲኖራቸው ያደርጋል። «ሕዝቡ የሰፈረበት ቦታ ነው እንጂ የመንግሥት ጥፋት አይደለም» የሚለው የዲካልብ መከራከሪያ በጎጃም ከተደገመ፣ ገደሉ ለዘላለም ዳኛ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ አጣዳፊ አድርጎታል። በጎጃም አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ሕፃናትም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት ቤት እንደገና ሲከፈት የበሩ መከፈት እንደ ፍጻሜ የሚቆጠር ከሆነ የኦክላሆማ ሲቲ ስሕተት ይደገማል። በሩ ተከፈተ ማለት ልጆቹ ተመለሱ ማለት አይደለም፤ ልጆች ተመለሱ ማለትም ሁሉም ተመለሱ ማለት አይደለም። ከተመለሱት መካከል ሴቶቹ ስንት ናቸው? በመካከሉ የተዳረችው፣ ለእረኝነት የቀረው፣ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ የያዘው በየትኛው መዝገብ ላይ ነው?

5. ምን ይደረግ?

ከላይ የቀረበው ሒስ ፍሬ የሚኖረው በወረዳና በትምህርት ቤት ደረጃ ሊሠራ የሚችል ነገር ካመለከተ ነው። በዚህ መሠረት አራት ነጥቦች ይቀርባሉ።

ሀ/ አማካይ ቁጥር አይበቃም። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። የትምህርት ቤቱ ደረጃ ከፍ ማለት ግን በውስጡ ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ሊሸፍን ይችላል። ምዝገባ፣ ማቋረጥና ወደሚቀጥለው እርከን ማለፍ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በአካል ጉዳትና ከትምህርት ቤት ባለው ርቀት ተለይተው ሊታዩ ይገባል። የባለሙያ ቤተሰብ ልጆችን በሚመለከት ግን መምህሩ ስም ለይቶ በመጻፍ ልጁን የበለጠ እንዳያጋልጥ መጠንቀቅ አለበት፤ እዚህ ላይ የሚረዳው በጽሑፍ ከሚቀመጠው ቅጽ ይልቅ የክፍሉን አቀማመጥና የጨዋታ ሜዳውን ማስተዋል ነው።

ለ/ ክትትል የሚነሣው በከፊልና በሚመለስ ሁኔታ ይሁን። አንድ ትምህርት ቤት በመምህራን ምደባ ካሟላ በዚያ ረገድ ክትትሉ ይቅለልለት፤ በሴቶች ማቋረጥ ካላሟላ በዚያ ይቀጥል። በዚህ ረገድ የ1992ቱ ውሳኔ የሚወሰድ ጥበብ አለው። የማይወሰደው ግን አንዴ የተነሣ ክትትል ሁኔታው ሲበላሽ በቀላሉ የማይመለስበት አካሄድ ነው።

ሐ/ ተቆጣጣሪው ሲወጣ መዝገቡ ይቅር። የሱፐርቫይዘር መለወጥ፣ የርእሰ መምህር መዛወር ወይም የጽሕፈት ቤት መቃጠል የብዙ ዓመት ቁጥር ይዞ እንዳይጠፋ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቅጂ በጉድኝት ማዕከሉና በወረዳው ይቀመጥ። የፕላክማን መዝገብ መጥፋት ለ50 ዓመት ነገሩን እንዳደነጋገረ አይዘነጋም።

መ/ ቆጠራው ለወላጆች ይነበብ። በዓመቱ መጨረሻ በወላጆች ቀን ከተሸላሚዎች ስም በፊት፣ በመስከረም ከተመዘገቡት ስንቶቹ በሰኔ እንዳልተገኙ ቢነገር፣ ወላጁ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ዳኛ በሌለበት አገር ከዚህ የተሻለ ቁጥጥር የለም።

ማጠቃለያ

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ቁጥጥራቸውን ሲያነሡ የጠየቁት ጥያቄ «ሹሙ የታዘዘውን አደረገን?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «ልጁ ደረሰን?» የሚለው ሲሆን፣ ይህን የሚመልሰው ዳኛ ሳይሆን በየጧቱ ስም የሚጠራው መምህር ነው። በ1933 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ በኩል ያለፈው ነፃነት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ አጥር አንሥቷል። በሕግ ያልተጻፉትን አጥሮች ማንሣት ግን ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው የተተወ ሥራ ነው፤ ስም ሲጠራ «የለም» የተባለው ልጅ ለምን እንደ ቀረ ሳይጠየቅ መዝገቡ የሚዘጋ ከሆነ፣ ጠባቂው ሰብሉ ሳይገባ ከማማው ወርዷል ማለት ነው።